ፒክአፑ ከ80 በላይ ሲሄድ ለምን ይንቀጠቀጥ ነበር?

የኋላ ባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ሞላ) ማንጠልጠያ በረዘመው ተቀይሮ ኋላው ከፍ ካለ ወዲህ፣ ከ80 በላይ ስነዳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ጎማ ባላንስ ተደረገ፣ ለውጥ የለም። 90 ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ለቀቅኩት። የሞተሩ ዙር ወረደ፣ ንቅጥቅጡ ግን ቀጠለ። ስለዚህ ሞተሩ ነጻ ነው። መሪውም አይርገበገብም፣ ነገሩ ከኋላ ነው ማለት ነው። ክሮቸራዎቹን (ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ ኃይል የሚወስደው ዘንግ፣ ማለትም የትራንስሚሽኑ፣ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉትን መታጠፊያዎች) በእጅ አወዛወዝኳቸው፣ ደህና ናቸው።

ቀጥሎ አንግል። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ በጎማው እንደቆመ (ክሪክ ላይ ከተሰቀለ ልኩ ውሸት ነው!) በስልክ ለካሁ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ 4 ዲግሪ ያዘቀዝቃል፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ዘንጉ የሚገጠምበት የፊት ጫፉ) ግን 7 ዲግሪ ቀና ብሏል። አንድ ወጥ ትራንስሚሽን ላይ ሁለቱ ትይዩ ካልሆኑ (አንዱ 4 ሲያዘቀዝቅ ሌላው 4 ቀና ካላለ) አንዱ ክሮቸራ የሚፈጥረውን የፍጥነት መዋዠቅ ሌላው አያጠፋውም፤ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ይመታል።

ቶርኖ ቤት 4 ዲግሪ የብረት ሽብልቅ አስቆረጥኩ። ወፍራሙን ጎን ወደ ፊት አድርጌ በባሌስትራውና በአክሱ መካከል አስገባሁት፣ የመሃል ቡሎኑም በረጅም ተቀየረ። አፍንጫው 3 ላይ ወረደ። ከ4 የጎደለችውን አንዷን ዲግሪ ሆን ብዬ ነው ያስቀረኋት፣ ነዳጅ ሲረገጥ ባሌስትራው ተጠማዞ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳዋልና። አሁን 100 ላይም ጸጥ ብሏል።