ካርዱ ላይ ደረጃ የለም፦ ሃይስኩል የደረሰ ልጅ ይዛችሁ አሜሪካ ለመጣችሁ

ልጄ ሜሪላንድ 10ኛ ክፍል ገብታ የመጀመሪያ ካርዷን ኖቬምበር ላይ ይዛ ስትመጣ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንተኛ ወጣሽ?»

«ደረጃ የለውም አባዬ።»

አላመንኳትም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ባዶ። አዲስ አበባ እያለች ከ58 ተማሪ 3ኛ ወጥታ በወላጆች ቀን መዝገበ ቃላት የተሸለመች ልጅ፣ እዚህ መጥታ ደረጃዋ ጠፋ ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። እኛ ባለንበት በሞንጎመሪ ካውንቲ ሃይስኩሎች የክፍል ደረጃ እንደማይወጣ የነገረኝ ቀድሞኝ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «ደረጃውን ተወውና፣ ልጅቷ 2:30 ላይ ከትምህርት ከወጣች በኋላ የት ነው የምትውለው?» አለኝ። ቤት ነዋ! ሌላ የት ልትውል?

ለካ ጥያቄው እሱ ኖሯል። ይህን የምጽፈው በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ሃይስኩል የደረሰ ልጅ ይዛችሁ ለገባችሁ ነው። የማውቀው ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያን፣ ከሁሉም በላይ ሜሪላንድን ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ቁጥሩን ከራሳችሁ ትምህርት ቤት አጣሩ፤ አካሄዱ ግን ብዙም አይራራቅም።

እኛ ስንማር የሁሉ ነገር መጨረሻ ማትሪክ ነበር። ክበብ ነበረን፤ ሚኒ ሚዲያ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ቀይ መስቀል። በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ግጥም ያነበበ ልጅ ይጨበጨብለታል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ግን ያንን ከቁም ነገር የሚጥፍለት የለም። እዚህ ይጻፋል። ዩኒቨርሲቲዎች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕት ሙሉውን ያያሉ። ኮመን አፕ የሚባለው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት ማመልከቻ ደግሞ ልጁ ከክፍል ውጭ የሠራውን እስከ 10፣ ያገኘውን ሽልማት እስከ 5 ድረስ የሚሞላበት ቦታ አለው። 12ኛ ክፍል ላይ ተቀምጦ ይህን ቦታ ባዶውን ማየት ያስደነግጣል። ስለዚህ ልጁ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ነው ማሰብ።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ልበል፤ ብዙ የሐበሻ ልጅ «እኔ ምንም አልሠራሁም» ይላል። ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ እናቱን ሐኪም ቤት ወስዶ የሚያስተረጉም፣ ቅዳሜና እሁድ ምግብ ቤት የሚሠራ ልጅ ሠርቷል። ኮመን አፕ ላይ ለቤተሰብ ኃላፊነትም ለተቀጠሩበት ሥራም ቦታ አለ። እንደ ነውር ቆጥረን የምንደብቀው እኛ ነን።

የሒሳቡ መሰላል

ከአገር ቤት ስትነሱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት ማኅተም አስመትታችሁ፣ በእጅ ሻንጣ ይዛችሁ ኑ። «በኋላ ወንድሜ ይልክልኛል» የሚለው እኔን አስከፍሎኛል። የልጄ ወረቀት ሳይደርስ ትምህርት ተጀመረና ትምህርት ቤቱ አልጀብራ አንድ ላይ አስገባት። አገር ቤት 9ኛ ክፍል ኳድራቲክ ኢኩዌሽን የሠራች ልጅ ናት። ማታ ማታ «የአምናውን ነው የምንማረው» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ያውቃል ብዬ ዝም።

ነገሩ ቀላል የማይሆነው እዚህ ሒሳብ እንደ መሰላል ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ አልጀብራውም ጂኦሜትሪውም ትሪጎኖሜትሪውም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይመጣል። እዚህ እያንዳንዱ ለብቻው የአንድ ዓመት ኮርስ ነው፤ አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። 10ኛ ክፍል ላይ ከታችኛው እርከን የጀመረ ልጅ 12ኛን የሚጨርሰው አልጀብራ ሁለት ላይ ነው። ኢንጂነሪንግ ለሚያስብ ልጅ ይህ ከባድ ነው። ካውንስለሯን በአስተርጓሚ አነጋገርን፣ ተፈተነች፣ ጂኦሜትሪ ገባች። ሁለት ወር ባክኗል፤ ጉዳዩ ያለቀው ግን በአንድ ቀን ነው።

ካውንስለር ማለት በእያንዳንዱ ተማሪ ስም የተመደበ፣ ኮርስ የሚመርጥና የሚያስተካክል፣ ለዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው። ስሙን በመጀመሪያው ሳምንት እወቁ። አስተርጓሚ ለወላጅ በነጻ ነው፤ «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ ነው። እባካችሁ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ የተባለውን ወቀሳ አለስልሶ ነው የሚነግራችሁ።

ኮርሶች እርከን አላቸው፤ ተራው፣ ከበድ የሚለው ኦነርስ፣ ከሁሉም በላይ ኤፒ። ኤፒ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያለው ትምህርት ሲሆን ሜይ ላይ ፈተና ይሰጣል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ 3 እና ከዚያ በላይ ላመጣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲት ይቆጥሩለታል። የአንዱ ፈተና ክፍያ ወደ 100 ዶላር ይጠጋል። እዚህ ላይ ነው የነጻ ምሳ መጠየቂያ ፎርም የሚመጣው። «ልጄ የነጻ ምሳ አትበላም» ብሎ ፎርሙን የጣለ ወዳጅ አለኝ። ፎርሙ የምሳ ብቻ አይደለም፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የኤፒ ክፍያ ይቀነሳል፣ ኤስኤቲ የሚባለውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በነጻ ይፈተናሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ክፍያም ይነሳላቸዋል። ኩራቱን ለሌላ ቀን አስቀምጡት።

እንግሊዝኛው ገና የሆነ ልጅ ኤሶል የሚባል የእንግሊዝኛ ትምህርት ይገባል፤ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ዊዳ የሚባል የእንግሊዝኛ ፈተና እየወሰደ ወደ ፊት ይሄዳል። ኤሶል ቅጣት አይደለም፤ ከክለብም ከስፖርትም አይከለክልም።

ሔመንን ዱላ አታድርጉት

ሳይንስ ላይ ሁላችን የምናውቀው ስም አለ። ሔመን በቀለ አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ አሜሪካ የመጣ፣ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ የተማረ ልጅ ነው። በ2023 በ14 ዓመቱ የቆዳ ካንሰርን ለማከም ያሰበውን ሳሙና አቅርቦ የስሪኤም ወጣት ሳይንቲስቶች ውድድርን አሸነፈ፤ 25,000 ዶላር ተሸለመ። በ2024 ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ አለው። ሐሳቡ የመጣለት አገር ቤት በጠራራ ፀሐይ ሲሠሩ ያያቸውን ሰዎች አስታውሶ እንደሆነ ተናግሯል።

ደስ ይላል። ግን በየቤቱ «ሔመን በ14 ዓመቱ እንዲህ ሲያደርግ አንተ ስልክህን ታሻለህ» የሚል ቁጣ እየሰማሁ ነው። ከሔመን የምንወስደው ቁጣውን ሳይሆን መንገዱን ነው፤ ልጁ ለውድድሩ ያመለከተው ገና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ ሐሳቡን በአጭር ቪዲዮ አስረድቶ ነው። ላብራቶሪ ስላለው አይደለም የጀመረው።

እንዲህ ያለ በር በየትምህርቱ አለ። ሒሳብ ለሚወድ ኖቬምበር ላይ ኤኤምሲ የሚባል ፈተና አለ፤ 25 ጥያቄ በ75 ደቂቃ፣ እንግሊዝኛው ጥቂት፣ ሒሳቡ ብዙ። አዲስ ለመጣ ልጅ የሚስማማ ነው። ታሪክ ለሚወድ ናሽናል ሂስትሪ ዴይ አለ፤ ጽሑፍ፣ ኤግዚቢት፣ ዶክመንተሪ፣ ድራማ ወይም ዌብሳይት ሠርቶ መወዳደር ይቻላል። የመጨረሻው አገር አቀፍ ውድድር ጁን ላይ እዚሁ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በየዓመቱ መሪ ሐሳብ ይወጣለታል፤ ከእሱ ጋር እስከገጠመ ድረስ ዓድዋን ይዞ የሚገባ ልጅ ማንም አይከለክለውም። ሮቦቲክስ፣ ዲቤት፣ ሞዴል ዩኤን፣ የትምህርት ቤት ጋዜጣ፣ ቲያትር፣ ባንድና ኳየርም አሉ፤ በብዙ ቦታ የሐበሻ ተማሪዎች ክለብም አለ። ሐበሻ ክለቡ ጥሩ ማረፊያ ነው፤ ብቸኛው እንዳይሆን ብቻ።

ጀበናው

የእኔዋ ልጅ የገባችበት ግን ያላሰብኩት ነው። አንድ የሥነ ጥበብ ክሬዲት ለመመረቅ ግድ ስለሆነ ካውንስለሯ ሴራሚክስ ጻፈችላት። «ምንድን ነው እሱ?» አልኩ። «ሸክላ» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ አልተዋጠልኝም። አገር ቤት ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያልን፣ ጀበናውን ግን ከእጇ እየገዛን ያደግን ሰዎች ነን።

መምህሯ ከቤታችሁ የምታውቁትን ዕቃ ሥሩ ብላ አዘዘቻቸው። ልጄ ጀበና አለች። የመጀመሪያው እቶን ውስጥ ተሰነጠቀ፤ ሆዱ ወፍራም ሆኖ ውስጡ ሳይደርቅ ነው የገባው። ሁለተኛው አንገቱ ዘመመ። ለአያቷ በቪዲዮ ደወለችና እናቴ የራሷን ጀበና ካሜራው ፊት እያዟዟረች አሳየቻት፤ አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበትን፣ እጄታውን፣ ማቶቱ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ልጄን አሜሪካ ወስደህ ጀበና ታሠራታለህ?» አለችኝ። ሦስተኛው ቆመ። ጥቁር ቀባችው፣ የተማሪዎች ሥራ በሚታይበት ዝግጅት ላይ ተቀመጠ። ሜይ ላይ በሽልማት ምሽት ስሟ ሲጠራ እኔና እናቷ ከኋላ ወንበር ነበርን፤ እናቷ እልል አለች፤ አዳራሹ ዞሮ አየን። ከሁሉ የጠቀማት ግን የምስክር ወረቀቱ አይደለም። ያቺ መምህርት፣ ልጄ ሁለት ጀበና ተበላሽቶባት ሦስተኛውን እንደሠራች አይታለች፤ ኋላ ለዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈችላት እሷ ናት። ከሃምሳ ተማሪ መሐል ዝም ብላ ኤ ያመጣች ልጅ እንዲህ የሚጽፍላት አታገኝም።

ስለ ስፖርት አጠር ላድርግ። ሦስት ወቅት አለው፤ መኸር፣ ክረምት፣ ጸደይ። እግር ኳስ በመኸር ስለሆነ ሙከራው ትምህርት ሳይከፈት ኦገስት ላይ ያልፋል፤ ሴፕቴምበር ላይ ኳሱን ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው። ከሙከራው በፊት ሐኪም የፈረመበት የጤና ምርመራ ፎርም ያስፈልጋል። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ጂፒኤው ከ2.0 በታች የወረደ ልጅ አይጫወትም። ሩጫ ለሚወድ ክሮስ ካንትሪ አለ። «ኢትዮጵያዊ ነህ? ታዲያ ትሮጣለህ» መባል አይቀርም፤ የማይሮጥም አለ፣ እኔ ምስክር ነኝ።

ሰባ አምስቱ ሰዓት

ሜሪላንድ ለመመረቅ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግዴታ ነው፤ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ 75 ሰዓት ይጠየቃል። ዲሲ 100 ነው። ዘግይቶ ለገባ ልጅ ሞንጎመሪ ላይ እንደ ገባበት ክፍል ይቀነስለታል፤ ይህን ሳያውቁ 75ቱን ሙሉ የሚሮጡ አሉ። የሚያሳዝነው ሠርቶ የማይቆጠርለት ነው። የአክስት ምግብ ቤት መርዳት አይቆጠርም፤ ድርጅቱ ለትርፍ ያልቆመ መሆን አለበት። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ምግብ ማደል ሊያዝ ይችላል፤ ሃይማኖት ማስተማሩ ግን አይያዝም። ድርጅቱ አስቀድሞ በካውንቲው ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ሥራው ሳይጀመር ፎርም ሞልቶ ማስፈቀድ ግድ ነው። መጀመሪያ ፎርም፣ ከዚያ ሥራ፤ ፊርማውም በዚያው ሰሞን።

ከክለብ ማታ እንዴት ትመለሳለች ለምትሉ፣ አንዳንድ ቀን ቆይተው ለሚወጡ አክቲቪቲ ባስ አለ፤ ራይድ ኦን የሚባለው የካውንቲው አውቶቡስም ለተማሪ በነጻ ነው። እኔ ለመፍቀድ አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

አማርኛው

ሳልረሳ፣ ልጆቻችን በእጃቸው ይዘውት የመጡት አንድ ነገር አለ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ዲሲም በእንግሊዝኛና በሌላ ቋንቋ ብቁ ለሆነ ተመራቂ የሁለት ቋንቋ ማኅተም፣ ሲል ኦፍ ባይሊትረሲ፣ ይሰጣሉ። አማርኛ ይፈተናል፤ መጻፍና መናገር። መናገሩ ለልጄ ምንም አልነበረም። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ግን በግዕዝ ኪቦርድ መጻፍ መልመድ ነበረባት፤ በስልኳ ከአያቷ ጋር አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጻጻፍ የኖረች ናት። ትንሽ ሆነው የመጡት ደግሞ ፊደሉን ራሱን መከለስ አለባቸው፤ ለዚህ ከቅዳሜ አማርኛ ትምህርት የተሻለ አላየሁም።

ፈተናው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስትለማመድ ቀና አለችና፣ «አባዬ፣ ፀጉር በፀሐዩ ፀ ነው በጸሎቱ ጸ?» አለችኝ። ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ አማርኛ የማወራ ሰውዬ አፌን ያዝኩ። እናቷን ጠየቅናት፤ እሷ ጭራሽ «ጠጉር ነው» አለች። ሰዓቱን አይቼ አዲስ አበባ ነግቷል አልኩና ለአያቷ ደወልን።