ከማትስ ፈተና በኋላ መልስ ስታመሳክሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

የ12ኛ ክፍል የማትስ ፈተና አልቆ በሩ ሲከፈት ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው ጥላ ሁሉ በተማሪ ይሞላል። አንዱ «አቦ፣ 17ኛው ምን መጣልህ?» ይላል። ሌላው «ሲ» ይለዋል። ሦስተኛው «ቢ» ነበር ያጠቆረው፤ ፊቱ ይለዋወጣል፣ ምሳም አይበላም። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የማመሳከሪያው መንገድ ነው።

በጥያቄ ቁጥርና በፊደል ማመሳከር። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ በየዓመቱም ልጅ ያስለቅሳል። የጥያቄ ወረቀቱ የሚታተመው በተለያየ ኮድ ነው። ኮዱ ሲለያይ የጥያቄዎቹ ተራ ይለያያል፤ የአንዱ 17ኛ የሌላው 42ኛ ሊሆን ይችላል። አጠገባችሁ ለተቀመጠው ልጅ ሌላ ኮድ የሚሰጠውም እንዳትኮራረጁ ታስቦ ነው። ሐረማያ ሄዶ የተፈተነ የአክስታችሁ ልጅ በኋላ ደውሎ «30ኛው ዲ ነው» ቢላችሁ ኮዱን ካላወቃችሁ ምንም አልነገራችሁም። እባካችሁ ፊደሉን ተዉት! ወረቀትና እርሳስ ያዙ። መጀመሪያ ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ የሚያስታውሰውን ጥያቄ ለብቻው ይጻፍ፦ የተሰጠው ምንድን ነው? የተጠየቀው ምንድን ነው? ዝም ብላችሁ መጻፋችሁ በጣም ይጠቅማል፤ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ከተናገረ የሌሎቹ ትዝታ በእሱ ቃል ይተካል። ከዚያ እያንዳንዱ እንደገና ይሥራው። በመጨረሻ የወጣውን ቁጥር አስተያዩ።

ናቹራልና ሶሻል የተፈተናችሁ ደግሞ ማትሱ የየራሱ ስለሆነ እርስ በርስ አታመሳክሩ።

ያልተጠየቀ ጥያቄ ላይ መከራከር። የጥያቄ ወረቀቱ ተሰብስቧል፣ እጃችሁ ላይ ያለው ትዝታ ብቻ ነው። ትዝታ ደግሞ ትንንሽ ምልክቶችን ይጥላል። ጥያቄው «የኤክስ ሲቀነስ 3 አብሶሉት ቫልዩ ከ5 የሚያንስባቸው ኢንቲጀሮች ስንት ናቸው?» የሚል ነበር እንበል። መልሱ ከ−1 እስከ 7 ያሉት ናቸው፣ 9። «ከ5 የሚያንስ ወይም እኩል የሚሆን» ከነበረ ግን −2 እና 8 ይጨመራሉ፣ 11 ይሆናል። አንዱ 9፣ አንዱ 11 ይዞ ሲጨቃጨቅ ሁለቱም በትክክል ሠርተው ሊሆን ይችላል፤ የተለያዩት በምልክቷ ላይ ነው። ምልክቷን እርግጠኛ ሆኖ የሚያስታውስ ከሌለ ያንን ጥያቄ ዝለሉት።

በድምፅ ብልጫ መወሰን። «ሰባታችን አንድ ዓይነት ነው የመጣልን፣ አንተ ብቻ ነህ የተለየኸው።» ይሄ በማትስ አይሠራም። የተሳሳቱት አማራጮች በዘፈቀደ አይጻፉም፤ ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው መንገድ የሚያደርስበት ቁጥር ታስቦ ነው የሚቀመጡት። አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። የኤክስ ሎግ እና የ(ኤክስ ሲቀነስ 2) ሎግ፣ የሁለቱም ቤዝ 2 ሆኖ፣ ሲደመሩ 3 ይሆናሉ። ሎጎቹን ስታዋህዱ በውስጡ ያለው ብዜት 8 ይሆናል፦ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 2 ኤክስ ሲቀነስ 8 እኩል ይሆናል ዜሮ። ፋክተር ስታደርጉ 4 እና −2 ይወጣሉ። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ሁለቱንም የያዘውን አማራጭ ያጠቁራል። −2ን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሳችሁ ብታስገቡት ግን የነጌቲቭ ቁጥር ሎግ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ የለም። መልሱ 4 ብቻ ነው። ሰባቱ ሁለቱንም ቢመርጡ፣ አንዷ ልጅ 4 ብቻ ብትል፣ ትክክሏ እሷ ናት። ስኩዌር ሩት ያለበት እኩልታም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱን ጎን ስኩዌር ካደረጋችሁ የወጣውን መልስ መልሳችሁ ሳትፈትሹ አትከራከሩ። የምትፈልጉት ከፍ ባለ ድምፅ የሚናገረውን ሳይሆን አሠራሩን መስመር በመስመር የሚያሳያችሁን ነው።

አንድ የሆነውን መልስ ሁለት አድርጎ ማየት። 1 ለስኩዌር ሩት 3 ሲካፈል፣ እና ስኩዌር ሩት 3 ለ3 ሲካፈል፣ አንድ ቁጥር ነው፣ ወደ 0.577 ይጠጋል። ላይና ታቹን በስኩዌር ሩት 3 አባዙት፣ ይገጥማል። በሎግና በትሪጎኖሜትሪም መልስ መልኩን ስለሚቀያይር «ተሳስተሃል» ከማለታችሁ በፊት ወደ አንድ ቅርጽ አምጡት።

ሌላ ፈተና እየቀረ ማመሳከር። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ወሬው ሁሉ ማታ ዶርም ውስጥ ነው የሚፈላው። ነገ ፊዚክስ ያለው ልጅ የዛሬው የማትስ መልሱ እንደተሳሳተ ቢያውቅ ምን ይጠቀማል? ያጠቆረውን ሊቀይር አይችልም፤ እንቅልፉን ግን ያጣል። የመጨረሻው ፈተና እስኪሰጥ ቆዩ። የድሬ ሙቀት ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ እናንተ አትጨምሩበት። ዶርም ውስጥ ጥያቄ የሚያነሳ ካለ በፍቅር «ቅዳሜ እንነጋገራለን» በሉት፤ ወይም የትኛውም የፈተናችሁ ማብቂያ ቀን።

ከግቢ ስትወጡ ቴሌግራም ላይ የሚጠብቃችሁን የመልስ ዝርዝር፣ ኮድና አሠራር ካልተጻፈበት፣ አትመኑት።

ነጥብ አቆጣጠር ላይም ብዙዎች ይሳሳታሉ። «እርግጠኛ ነኝ» ያሉትን ብቻ ቆጥረው ይደነግጣሉ፣ ወይም የገመቱትን ሁሉ ደምረው ይፈነጥዛሉ። መልሶቻችሁን በሦስት ምድብ ክፈሏቸው። ሠርታችሁ ያረጋገጣችሁት 30 ከሆነ 30 ያዙ። ሁለት አማራጭ ጥላችሁ ከቀሩት ሁለት የመረጣችሁት 10 ከሆነ 5 ያዙ። ከአራቱ በግምት ያጠቆራችሁት 12 ከሆነ 3 ያዙ። ግምቱ 38 ይሆናል፣ ጥቂት ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። የማለፊያው 50 በመቶ የሚታየው ደግሞ ከሁሉም ትምህርት ድምር ነው፤ ማትስ ከግማሽ በታች የሆነበት ልጅ በእንግሊዝኛና በባዮሎጂ ሊያካክሰው ይችላል። ይሄን ሳያውቁ ከማትስ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ቀሪውን ፈተና እንዲሁ የሚያጠቁሩ ልጆች አሉ፣ ያሳዝናሉ።

ያመሳከራችሁበትን ወረቀት አትጣሉት። ከተሳሳታችሁት ጥያቄ ሁሉ ጎን አንድ ቃል ጻፉ፦ «ስሌት»፣ «ንባብ» ወይም «አላውቀውም»። «ስሌት» የበዛበት በሰዓት እየለካ ጥያቄ ይሥራ፤ «ንባብ» የበዛበት የተጠየቀውን አስምሮ ይጀምር፤ «አላውቀውም» የሚሉት ምዕራፎች ፍሬሽማን ብትገቡም ሬሜዲያል ብትገቡም ከፊታችሁ ስለሚመጡ ክረምቱን ከእነሱ ጀምሩ።