የመዳንን ወንጌል ለጎረቤት እንዴት እንናገር?

ወንጌልን ለሌላ ሰው ለመናገር የሚሻ ክርስቲያን አስቀድሞ መልእክቱን በጥቂት ቃል መግለጽ መቻል አለበት፤ ይኸውም ሰው ሁሉ ኃጢአትን እንደ ሠራ (ሮሜ 3፥23)፣ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን እንደ ሞተና በሦስተኛው ቀን እንደ ተነሣ (1ኛ ቆሮንቶስ 15፥3-4)፣ መዳንም በእምነት የምንቀበለው ጸጋ እንጂ የሥራችን ደመወዝ እንዳልሆነ (ኤፌሶን 2፥8-9) ነው። ጥቅሶቹን ከመሸምደድ ይልቅ ምዕራፎቹን ሙሉ ማንበብ ይበልጣል።

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሠርጉንም ሐዘኑንም በጋራ በሚያሳልፍበት በደሴ፣ አነጋገራችን ከመልእክቱ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎረቤት ቡና ጠርታን አቦሉ ሲቀዳ፣ ምርቃቱም ሳያልቅ፣ ጨዋታውን ወደ ሃይማኖት ማዞር ነውር ነው። በረካው ላይ ተደርሶ ወሬው ስለ ልጅ ሕመም ወይም ስለ ኑሮ ጭንቀት ከሆነ ግን፣ «እማማ፣ ቢፈቅዱልኝ ልጸልይልዎት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እምቢ ካሉ በአክብሮት ተቀብሎ ቡናውን መጠጣትና ጉርብትናውን እንደ ቀድሞው መቀጠል ይገባል። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን ሁሉ በየዋህነትና በፍርሃት እንድንመልስ አዝዟልና (1ኛ ጴጥሮስ 3፥15)፣ የሌላውን እምነት ማንቋሸሽ ከቶ አይፈቀድም።

ከዚህ የከፋው ለችግረኛ የሚሰጠውን እህል ወይም ገንዘብ ከእምነት ጋር ማያያዝ ነው፤ እርዳታው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይሰጥ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ከፋብሪካ ፈረቃ ለሚወጣ የደከመ ሠራተኛ ረጅም ስብከት አይሆነውም፤ አጭር ንግግር ይበቃል። የበለጠ ማወቅ የፈለገ ሰው ሲገኝ የማርቆስን ወንጌል ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ ማንበብ፣ ጥያቄውን ሳይቸኩሉ ማዳመጥ፣ ሲፈቅድም ወደ ምእመናን ኅብረት ይዞት መሄድ ነው።