ልጅዎ ማንበብ ሲያቅተው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት «ሰነፍ ነው» ብሎ መደምደም ነው። ተረት ሲነግሩት አንድ ሳያስቀር የሚደግም ልጅ፣ መጽሐፍ ሲከፈትለት ላብ ያሰምጠዋል። «ሱ»ን ከ«ሲ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» ያምታታል። እርግጥ ፊደል ቆጣሪ ሁሉ ያምታታል። የ«ሱ» ቅጥያ ከእግሩ መሃል፣ የ«ሲ» ከግርጌው ነውና አይፈረድበትም። የሚያጠራጥረው እኩዮቹ ካለፉት በኋላም አልለቅ ሲለው ነው። ይህ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ሊሆን ይችላል። ከማሰብ ችሎታ ማነስ ጋር አይገናኝም፤ ብዙ ጊዜም በዘር ይወረሳል።

መነጽር ገዝቶ መገላገልም አለ። ዓይንና ጆሮውን ማስመርመር ተገቢ ነው፤ መቅደምም ያለበት እሱ ነው። ዲስሌክሲያ የሚለውን ስያሜ በ1887 እ.ኤ.አ. ያወጣው ራሱ የዓይን ሐኪም ነበር፤ ጀርመናዊው ሩዶልፍ በርሊን። ዛሬ ግን ዋናው ችግር ድምፅን ከፊደል ማዛመዱ ላይ እንደሆነ ይታወቃል። ይህንን ደግሞ መነጽር አያቃናውም።

ሁሉንም አንድ አድርጎ ማየት ሌላው ነው። ጥሩ አንባቢ ሆኖ ከ7 እና ከ9 የቱ እንደሚበልጥ ለመመለስ ጣቱን የሚቆጥር ትልቅ ልጅ አለ። ይህ ዲስካልኩሊያ ይባላል። በቃል ሲጠየቅ ተንትኖ የሚመልስ፣ ወረቀት ሲሰጠው ግን ሁለት መስመር ጽፎ እጁ የሚዝልም አለ፤ የእሱ ዲስግራፊያ ነው። አንዱ ልጅ ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላል። ቅብጥብጥ ማለትና ትኩረት ማጣት ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ምንም እንኳ ከእነዚህ ጋር ተደርቦ ቢመጣም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ሃምሳ ጊዜ ገልብጥ» የሚባለው ቅጣት ነው። ልጁ ሃምሳ ጊዜ ሥዕል ይስላል እንጂ አያነብም። የሚሻለው በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ነው። ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ድምፁን ጮክ ብሎ ይበል፤ ከዚያ ድምፆቹን አገጣጥሞ ቃል ይሥራ። መምህሩም ፈተናውን በቃል ቢጠይቁት ወይም ጊዜ ቢጨምሩለት አድልዎ አይደለም።

«ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ፣ ያለ ተጨማሪ እገዛ ክፍል ማስደገምም ዕድሜ ማባከን ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ «ሁለት ቋንቋ አደናገረው» ብላችሁ አማርኛውን አታቋርጡበት። ሁለት ቋንቋ ዲስሌክሲያን አያመጣም። ይልቅ አሜሪካ ከሆናችሁ ልጁ እንዲመረመር ለሕዝብ ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ጠይቁ። ምርመራው በሕግ ነፃ ነው፤ ለስብሰባውም አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው።