ለጉዲፈቻ ልጅ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዴት ይመረጣል?

ልጄ ወደ ቤቴ ስትመጣ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ፍራሿን ላናፍስ ሳነሳው ከሥሩ ሰባት ቁራሽ ዳቦ አገኘሁ። አንዳንዱ ሻግቷል፤ አንዱ በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ቤት ውስጥ ዳቦ አለ፣ ጠግባ ነው የምትተኛው፣ ግን ነገም ይኖራል ብላ ማመን አልቻለችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ባለሙያ ፍለጋ ወጣሁ። እዚሁ ባሕር ዳር ስወጣ ስወርድ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ልጁን ሌባ አትበሉት። ችግር ያየ ልጅ ምግብ ይደብቃል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ ትልቅ ሆኖ አልጋ ላይ ይሸናል፣ ገበያ ደርሳችሁ ስትመለሱ ከአሁን አሁን ቀረች ብሎ በር በሩን ሲያይ ይቆያል። አንዳንዱ ደግሞ ለማያውቀው ሰው ሁሉ «ውሰደኝ» ይላል። ብዙው ነገር ቤቱ ሲለመድ፣ ምግቡም እንቅልፉም ሰዓት ሲይዝ እየቀነሰ ይሄዳል። ለሳምንታት ከቀጠለና እንቅልፉን፣ ምግቡን ወይ ትምህርቱን ካወከ ግን ባለሙያ ያስፈልጋል። ራሱን ከጎዳ ወይም መሞትን ካነሳ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፣ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ከሥነ ልቦናው በፊት አካሉን አስመርምሩ። ጆሮ፣ ዓይን፣ ደም ማነስ፣ የሆድ ትላትል፣ የሚጥል በሽታ። «እልኸኛ ነው፣ ሲጠሩት አይሰማም» የተባለ ልጅ እውነትም ጆሮው የማይሰማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ ማንን እንደምትፈልጉ ለዩ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ማዘዝ ይችላል። ሳይኮሎጂስት በንግግር፣ በጨዋታና በልምምድ ያክማል። ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤተሰቡን፣ ትምህርት ቤቱንና ጽሕፈት ቤቱን ያገናኛል። እኛ ከተማ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ ዩኒቨርሲቲውም ሥነ ልቦና ያስተምራል። የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትንም ጠይቁ፣ ልጁን ከእነሱ ጋር ተጻጽፋችሁ ከወሰዳችሁት ጉዳዩን ያውቁታል። ወደ ውጭ አገር የሚደረግ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከቆመ ወዲህ እነዚህ ልጆች እዚሁ በእኛ እጅ ነው የሚያድጉት፣ ስለዚህ አገልግሎቱን ደጋግመን ልንጠይቅ ይገባል።

ከዚያ ባለሙያውን ልጁን ሳትይዙ ብቻችሁን አግኙት። ይሄን አትዝለሉት! የመጀመሪያው ጥያቄያችሁም ስለ ዲግሪው አይሁን። «እዚህ ቦታ እስከ መቼ ይቆያሉ?» በሉ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ባለሙያችን ደግ ልጅ ነበር። ልጄ ወደደችው፣ በጭቃ በሬ ሠርታ ወሰደችለት። በአምስተኛው ሳምንት ስንሄድ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው አለ። ልምምዱን ጨርሶ ሄዷል፤ ቀድሞ የነገረን የለም። በባጃጅ ስንመለስ ልጄ ሐይቁን እያየች «እሱም ሄደ?» አለችኝ። «እሱም» ነው ያለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ለማንም ስለራሷ አልተናገረችም።

ተማሪዎችና ተለማማጆች በየተራ በሚመጡበት ተቋም ይሄ የተለመደ ነው፣ ጥፋቱም የተማሪው አይደለም። ለሌላ ታካሚ ምናልባት ለውጥ የለውም። እናት ሄዳበት፣ አያት ሄዳበት፣ ከተቋም ወደ ተቋም ለተዛወረ ልጅ ግን ሕክምናው ራሱ ሌላ መለየት ይሆንበታል። ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚቆይ ቋሚ ሠራተኛ ፈልጉ። መሄዱ ካልቀረ ሳምንታት ቀድሞ ለልጁ እንዲነግረውና በወጉ እንዲሰናበተው ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ። መንገድ ሲዘጋ ወይም መገናኘት ሳይቻል ሲቀር በስልክ ድምፁን ያሰማዋል ወይ? እሱንም ጠይቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ «እኔ ምን እሠራለሁ?» ነው። ጥሩ ባለሙያ ሥራ ያበዛባችኋል። እሱ ልጁን የሚያገኘው በሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የቀረው ሰዓት ሁሉ የእናንተ ነው። ስለዚህ ስለራሳችሁ አስተዳደግ፣ ስለ ቁጣችሁ፣ ስለ እንቅልፋችሁ ሳይቀር ይጠይቃችኋል። «ልጁን ትተሽልኝ ሂጂ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» የሚል ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ።

ሦስተኛ፣ ያለፈውን ታሪክ መቼ እንደሚያስወራው ጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን «እናትሽ እንዴት ሞተች?» የሚል ሰው አልፈልግም። ክፉ ነገር ላዩ ልጆች የሚሰጠውና በጥናት የተፈተሸው ሕክምና መጀመሪያ ልጁን መረጋጋት፣ መተንፈስ፣ ስሜቱን በስሙ መጥራት ያስተምረዋል። ታሪኩ ቀስ ብሎ ኋላ ይመጣል፣ አሳዳጊውም ጎን ለጎን ይሠለጥናል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ይፈጃል፤ ሕመሙ ከከበደ ይረዝማል። ትንንሾቹ ጋ ደግሞ ሥራው በአሻንጉሊት፣ በጭቃ፣ በሥዕል ነው። «ዝም ብለው ሲጫወቱ ዋሉ» ብላችሁ አትናደዱ።

ቋንቋም አለ። ልጁ ከአዊ መጥቶ በአውኚ የሚያልም ከሆነ በአማርኛ ብቻ ማዋራት ግማሹን ልጅ ውጭ ማስቀመጥ ነው። ሲያለቅስ በምን ቋንቋ እንደሚያለቅስ ስሙት፣ ያንን ለሚችል ሰው ቅድሚያ ስጡ።

ወዲያው የምትሸሹትን ደግሞ ልንገራችሁ። በሦስት ቀጠሮ አድነዋለሁ የሚል። ልጁን «ውለታ ቢስ» የሚል። በግድ ይዞ፣ አፍኖ፣ አስርቦ ወይም ገርፎ «ፍቅር አስተምረዋለሁ» የሚል። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት የ10 ዓመት የጉዲፈቻ ልጅ «ዳግም መወለድ» በተባለ ሕክምና በአንሶላ ተጠቅልላ፣ ላይዋ ላይ ተጭነውባት፣ ታፍና ሞታለች። አልችልም፣ መተንፈስ አቃተኝ እያለች ነው። ዲግሪ የለጠፈ ሰው ሁሉ አይታመንም፤ ልባችሁ ከጠረጠረ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ፣ ባለሙያውም በእምነታችሁ ሊሳለቅ አይገባም። የታዘዘ መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ፣ ልጁንም በግድ አትጎትቱት።

ልጁ በጉዲፈቻ መምጣቱን ያልነገራችሁት ካላችሁ እሱንም ለባለሙያው ግልጽ አድርጉ። እኛ ዘንድ መደበቅ በዝቷል። ደብቁ የሚላችሁን አትምረጡ፤ ሳያማክራችሁም ለልጁ የሚያፈርጠውን አትምረጡ። እንዴትና በምን ቃል እንደምትነግሩት አብሯችሁ የሚያስብ ነው የሚበጀው፣ እውነቱን ልጁ ከጎረቤት ከሚሰማው ከእናንተ ቢሰማው ይሻላል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን። ልጃችሁ ቢሮ ሲያይ «ሊመልሱኝ ነው» ብሎ ይደነግጣል፣ ምክንያቱም ሕይወቱ የተቀየረው ሁሌም ቢሮ ውስጥ ነው። ልጄ ጸጉሯን ስሠራት «ለእነሱ ልትሰጪኝ ነው እማ?» ብላኛለች። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ንገሩት። «አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን፣ እኔ በሩ ጋ ተቀምጫለሁ።» ቃላችሁንም ጠብቁ፤ ሻይ እንኳ ልጠጣ ብላችሁ አትነሱ። እኔ ነጠላዬን ለእሷ ትቼላት እወጣ ነበር፣ ጥለቱን በጣቷ ጠቅልላ ይዛው ትቆያለች። ከተቻለ ቀኑ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ባጃጁም አንድ ይሁን። ስንወጣ ጣና ዳር ወርደን ታንኳ ቆጥረን ነበር የምንመለሰው፣ ሳንቆጥር የተመለስንበት ቀን የለም።

ለውጡን በሳምንት አትለኩት። መጀመሪያ ሊብስም ይችላል። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ፊት ለፊት ጠይቁ። ባለሙያ መቀየርም ይቻላል፣ ተሰናብቶ ግን።

አሁን የያዘችን ሴት አራተኛ ዓመቷ ነው። ስለ ዳቦው ስነግራት ፍራሹን ፈትሺ አላለችኝም። ለልጅቷ የራሷ ክዳን ያለው ሙዳይ ግዢላት፣ ራስጌዋ አድርጊላት፣ ቆሎና ዳቦ ሁሌ ሙሉ ይሁን፣ ስትወስድም አትጠይቂያት አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። ለወራት ሌሊት ሌሊት ክዳኑ ሲከፈት ይሰማኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ስከፍተው ጉንዳን ወርሶታል። ጠርቼ ሳሳያት «ውይ፣ ረስቼው» ብላ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች።