የአረጋውያን መንከባከቢያን የእንክብካቤ ጥራት እንዴት እንመዝን?

ወላጁን ወይም ዘመዱን በአረጋውያን መንከባከቢያ ለማስገባት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ጉብኝቱ የሚያየው የእንግዳ መቀበያውን ክፍል፣ የተወለወለውን ወለልና በትሕትና የሚያነጋግሩትን ኃላፊ ነው። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ስለ እንክብካቤው የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። የእንክብካቤ ጥራት የሚለየው ራሳቸውን ችለው መገላበጥ በማይችሉት አረጋዊ ገላ ላይና ጠያቂ በማይኖርበት ሰዓት በሚደረገው ነገር ነው።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት በተለያየ ቀንና ሰዓት ደጋግማችሁ ጎብኙ፤ አንዱ ጉብኝት በምግብ ሰዓት፣ ሌላው ሠራተኛ በሚቀንስበት ምሽት ወይም የዕረፍት ቀን ይሁን። ሌሊት ስንት ተንከባካቢዎች ለስንት አረጋውያን እንደሚያድሩና ሠራተኞቹ ምን ያህል ጊዜ በሥራው እንደሚቆዩ ጠይቁ፤ ተንከባካቢው በየወሩ የሚለዋወጥበት ቤት አረጋዊውን በቅጡ አያውቃቸውም። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ተቀምጣችሁ የጥሪ ደወል ከተሰማ በኋላ ሰው እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰዓታችሁን ተመልከቱ።

አረጋዊው ከገቡ በኋላ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምታዩት ቆዳቸውን ይሁን። ሰው ሳይንቀሳቀስ ረጅም ሰዓት ሲተኛ ወይም ሲቀመጥ በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ያለው ሥጋ ተጨምቆ ደም ያጣና መሞት ይጀምራል፤ የአልጋ ቁስል የሚባለው ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በተረከዝ፣ በጭራ አጥንት አካባቢ፣ በዳሌ ጎንና በክርን ነው። የቀላ ቦታ ካያችሁ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ነጣ ብሎ መልሶ ከቀላ ደሙ ይዘዋወራል፣ ሳይነጣ ከቀረ ግን ጉዳቱ ጀምሯል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ከአካባቢው ይበልጥ የጠቆረ፣ የሚሞቅ ወይም የጠጠረ ቦታ ፈልጉ። ከአልጋ የማይነሡ ሰዎች በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጡ ጠይቁ፤ እንደየሰው ሁኔታ ቢለያይም በብዙ ቦታ የተለመደው በየ2 ሰዓቱ ነው። መዝገቡንም እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ። አረጋዊው ሐኪም ዘንድ በዋሉበት ሰዓት ሳይቀር «ተገላብጠዋል» ተብሎ ከተፈረመ ያ መዝገብ የሚጻፈው ሥራውን ተከትሎ አይደለም። በሕይወት ፍጻሜ ላይ ባለ ሰው ግን በመልካም እንክብካቤም ቁስል ሊወጣ ስለሚችል፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ለመከላከል ምን እንደተደረገ ጠይቁ።

ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ስለሚደክም፣ «ውሃ ካሰኛቸው ይጠይቃሉ» የሚለው መልስ አያጠግብም። ብርጭቆው እጃቸው በሚደርስበት ቦታ መሆኑን፣ ሊያነሡትም መቻላቸውን እዩ። እኔ ራሴ ጠዋት ሞልቶ ያየሁትን ጆግ ማታ ስመለስ እንደሞላ አግኝቼው፣ መዝገቡ ላይ ግን ሙሉውን እንደጠጡት ተጽፎ አንብቤአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከወረቀቱ በፊት ጆጉን አያለሁ። ክብደታቸው ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ይመዘን፤ ሳይታሰብ በአንድ ወር 5 በመቶ፣ ማለትም 60 ኪሎ ከሚመዝን ሰው 3 ኪሎ መቀነስ፣ ወይም በ6 ወር 10 በመቶ መቀነስ ሐኪም ሊመረምረው የሚገባ ምልክት ነው። አጉራሹም ቁጭ ብሎ፣ ፊት ለፊት እያያቸው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስኪውጡ ታግሦ ማጉረስ አለበት፤ ለመዋጥ የሚቸገሩ ሰው ቀና ብለው ካልተመገቡና ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ቀና ብለው ካልቆዩ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

መድኃኒትን በተመለከተ የሚወስዱትን ሁሉ ዝርዝር ተቀበሉና እያንዳንዱ ለምን እንደታዘዘ፣ መቼስ እንደገና እንደሚታይ ጠይቁ። በተለይ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰው ቀኑን ሙሉ ፈዘው ከዋሉ፣ ጸጥ እንዲሉ ተብሎ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተሰጥቷቸው እንደሆነ አጣሩ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች በእነዚህ ሕሙማን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ ግራ መጋባትም «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም መድኃኒት ሊያመጣው ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቃቸው 18 የአረጋውያን መርሆዎች በመንከባከቢያ የሚኖሩ ሰዎች ክብራቸውና ገመናቸው እንዲጠበቅ፣ ስለ እንክብካቤያቸውም ራሳቸው እንዲወስኑ ይጠይቃሉ። ይህ በተግባር የሚታየው ተንከባካቢው በሩን አንኳኩቶ ሲገባ፣ ገላቸውን ሲያጥብ መጋረጃውን ሲዘጋ፣ መቼ መተኛት እንደሚፈልጉ ሲጠይቅና ከባልደረባው ጋር በላያቸው ላይ ከማውራት ይልቅ እርሳቸውን ሲያነጋግር ነው። መነጽራቸውና የመስሚያ መሣሪያቸው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ከዋለ፣ ማንም እንዳላነጋገራቸው ገምቱ።

ችግር ስታዩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ ቁስል ከሆነ በአረጋዊው ፈቃድ ፎቶ አንሡ። በመጀመሪያ ተረኛውን ነርስ፣ መፍትሔ ካልተገኘ ኃላፊውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ምን እንደሚስተካከል፣ በማንና እስከ መቼ እንደሆነም በጽሑፍ ተቀበሉ። መመታት፣ መታሰር ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሰንበር ካለ ግን ይህን ቅደም ተከተል ሳትጠብቁ አረጋዊውን ሐኪም ዘንድ ውሰዱና ለፖሊስ ወይም ማዕከሉን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል አመልክቱ።