የፒክአፕ አሞርዛተር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአንዲት ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ሦስት ጊዜ የኋላ አሞርዛተር ገዝቻለሁ። ሁለቱን ጊዜ ተሳስቻለሁ። ሦስተኛው የተሳካልኝም እኔ አውቄ ሳይሆን መካኒኬ «ሜትር ያዝና ከመኪናው ስር ግባ» ብሎ ስላስገደደኝ ነው። አዳማ ላይ አብዛኛው ባለ መኪና አሞርዛተር የሚመርጠው መለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ፣ ዋጋ እየጠየቀና የሻጩን ፊት እያየ ነው። የሚያስፈልገው መልስ ግን ያለው ከመኪናው ስር ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሾቹ የራሴ ናቸው፤ የቀሩትን ጋራዥ ተራ ስጠብቅ በሰው መኪና ላይ አይቻለሁ።

«ከኋላ ወርዷልና አሞርዛተር ይቀየርለት»

ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ ከሁሉም በላይ ያስከፈለኝም እሱ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫንኩ ስመላለስ መኪናዋ ከኋላ ቁጢጥ ማለት ጀመረች። አሞርዛተሩ ደክሟል ብዬ ጥንዱን አስቀየርኩ። በማግስቱ ባዶ ካሶኒ ይዛ ስትቆም ያው ቁጢጥ እንዳለች ናት።

አሞርዛተር ሸክም አይሸከምም። ሸክሙን የሚይዘው ከኋላ ባሌስትራው (ተደራርበው የታሰሩት የብረት ቅጠሎች)፣ ከፊት ሞላው ነው። አሞርዛተር ማለት ዘይት የሞላበት ቱቦና ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እያስጨነቀ የሚያሳልፍ ፒስተን ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ባሌስትራው ይታጠፋል፣ መልሶ ይዘረጋል፣ ብቻውን ቢተዉት ደግሞ ሲወዛወዝ ይቆያል። ዘይቱ በቀዳዳው ለማለፍ ሲታገል ያ ውዝዋዜ ወደ ሙቀት ይለወጥና ይሞታል። ከዚህ ያለፈ ሥራ የለውም። አንድ ቶን ለመጫን በተሠራ መኪና ላይ አሥራ አምስት ኩንታል ጭኖ «አሞርዛተሩ አልቻለም» ማለት ሰው ጉልበቱ ሲዝል ጫማውን እንደ መውቀስ ነው።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። መኪናውን ባዶውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በግራም በቀኝም ይለኩ። ባዶውን ቆሞ ዝቅ ካለ፣ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው በሁለት ጣት ካነሰ፣ የደከመው ባሌስትራው ነው። የእኔ መኪና ሁለተኛው ቅጠል ተሰብሮ ነበር፤ ስንጥቁ በጭቃና በግራሶ ተሸፍኖ አይታይም። ባሌስትራውን አስቀድሞ ማስጠገን የሚያስፈልገው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ቅጠል ሲጨመር ወይም ሲታደስ የመኪናው ቁመት ይለወጣል፤ ቁመቱ ሲለወጥ ደግሞ የሚስማማው የአሞርዛተር ርዝመት አብሮ ይለወጣል። ቅደም ተከተሉን አዛብቼ ሁለት ጊዜ የከፈልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

«ወፍራሙን፣ ጠንካራውን ስጠኝ»

ጠንካራ ሲባል ሁላችንም ልባችን ይሞቃል። ለፒክአፕ ሲሆንማ «የጭነት መኪና ነው» የሚል ምክንያትም አለን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ባዶ ፒክአፕ የኋላው ቀላል ነው። በጣም የጠጠረ አሞርዛተር ሲታሰርበት፣ እንደ መታጠቢያ ሰሌዳ በተሸነተረ የጠጠር መንገድ ላይ ጎማው ወደ ጉድባው ለመውረድ ጊዜ አያገኝም፤ ከጉብታ ወደ ጉብታ ይዘላል። አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬንም መሪም አያውቅም። ከወንጂ ወዲያ ባለው የእርሻ መንገድ አንድ ማለዳ ባዶዬን ስወርድ፣ መታጠፊያ ላይ የመኪናዬ የኋላ ክፍል ከፊቱ ለመቅደም ሞክሮ ነበር። ፍጥነቴ ከአርባ አይበልጥም። ልቤ እስኪመለስ ቆሜ የሸንኮራ አገዳውን ስመለከት ቆየሁ።

ሌላም አለ። አሞርዛተር ሲያጥርና ሲረዝም የሚያሳየው ኃይል እኩል አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲረዝም ይበልጥ ይጠጥራል። መጠኑ ሲያልፍ ባሌስትራው ከአንዱ ጉብታ ተመልሶ ሳይዘረጋ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ መኪናው እየወረደ ይሄድና ከሻንሲው ስር ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ ይመታል። ያን ጊዜ ሹፌሩ «አሁንም ለሰለሰ፣ የበለጠ ጠንካራ ያስፈልገዋል» ይላል። በሽታው ግን ተቃራኒው ነው።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ለአንድ ሳምንት መኪናዎ ስንት ጊዜ ሞልቶ፣ ስንት ጊዜ ባዶውን እንደ ሄደ ይመዝግቡ። እኔ ሁልጊዜ የምጭን ይመስለኝ ነበር። ስቆጥረው ከግማሽ በላዩ ጉዞ ባዶ ወይም ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ነበር። ለእንዲህ ያለ አሠራር መኪናው ከፋብሪካ ከመጣበት ጥንካሬ ጋር ተቀራራቢ የሆነው ይሻላል። ዘወትር ሙሉ ጭነት ለሚሠራ፣ ካሶኒው ላይ ቋሚ የብረት ሳጥን ወይም የውኃ ታንከር ላሰረ ሰው ከፍ ያለ ጥንካሬ ትክክል ነው፤ እሱም ከተጠናከረ ባሌስትራ ጋር እንጂ ለብቻው አይደለም።

«ጋዝ ነው ወይስ ዘይት?»

ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል። ጋዝ የሚባለውም ውስጡ ዘይት ነው፤ ጋዙ፣ ማለትም ናይትሮጅኑ፣ ዘይቱን ተጭኖ የሚይዝ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ረጅም የጠጠር መንገድ ላይ ነው። ፒስተኑ ያለ እረፍት ሲመላለስ ዘይቱ ይሞቃል፣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ በቀዳዳው ያለ ትግል ያልፋል። ጠዋት ደህና የነበረ መኪና ከሰዓት በኋላ እንደ ጀልባ ሲዋልል ያዩት እንደሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። እንደ አዳማና መተሐራ ባለ ሞቃት አካባቢ ደግሞ ማቀዝቀዣ የሚሆነው አየር ራሱ ሞቃት ነው።

ባለ አንድ ቱቦ የሚባለው ዓይነት ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል፤ ግፊቱም ከፍተኛ ነው። ነገር ግን ፒስተኑ በቀጥታ የውጩን ግድግዳ እየታከከ ስለሚሄድ፣ ከጎማ ስር የተፈናጠረ ድንጋይ ግድግዳውን ከሰረጎደው ሊያጣብቀው ይችላል። ባለ ሁለት ቱቦው ይህን ምት የሚያሳልፍበት የውጭ ሽፋን አለው። ድንጋይ ለሚበዛበት የገጠር ሥራ እኔ ባለ ሁለት ቱቦ፣ ዝቅተኛ ግፊት ጋዝ ያለበትን እመርጣለሁ። ከአዳማ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ለሚመላለስና አስፋልት ለማይለቅ ሰው ግን ለዚህ ጉዳይ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

«የቪጎ ስጠኝ»

ቪጎ የአንድ የሃይሉክስ ትውልድ ስም እንጂ ልክ አይደለም። በአንድ የሞዴል ስም ስር በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳም በአራቱም የሚነዳም አለ። ለአሞርዛተር ዋናው ልዩነት ሻንሲው ከአክስሉ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ነው፤ ዝቅ ያለው ሃይሉክስ የኋላ አሞርዛተር ከፍ ላለው አይሆንም። የተሠራበት ዓመትም ይወስናል። በ2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው ትውልድ ላይ የፊት አሞርዛተሩ በሞላው መሐል ያልፋል፤ ከዚያ ቀድሞ በነበረው ትውልድ በብዙዎቹ ባለ አራት ጎማ መንጃዎች ላይ ግን ከፊት ያለው ሞላ ሳይሆን የሚጠማዘዝ ዘንግ ነበር። ሁለቱን ለማቀያየር የሚሞክር ሰው ባይኖርም፣ ሻጭ በስልክ ሲታዘዝ የሚልከውን ግን አይቻለሁ።

ሁለተኛው ግዢዬ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ገጠመ፣ ጎሚኒው (የማሰሪያው ላስቲክ) ገጠመ፣ ደስ አለን። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ከታችኛው ማሰሪያው ተነቅሎ ሲንጠለጠል አገኘሁት፤ አጭር ነበርና ጎማው ጉድባ ውስጥ በወረደ ቁጥር የአክስሉን ክብደት ይዞ ሲጎተት ከርሟል።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናው ባዶውን ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ከላይኛው ማሰሪያ ቡሎን መሐል እስከ ታችኛው መሐል ይለኩ። ቀጥሎ በአክስሉና ከሻንሲው ስር ባለው የላስቲክ ማቆሚያ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይቀንሱ። ለምሳሌ 45 ሴንቲ ሜትር እና 8 ሴንቲ ሜትር ካገኙ ልዩነቱ 37 ነው፤ አዲሱ አሞርዛተር ሙሉ በሙሉ ሲያጥር ከ37 በደንብ ማነስ አለበት፣ አለበለዚያ ማቆሚያው ሳይነካ እሱ ይመታል። ከዚያ ሻንሲውን በክሪክ አንስተው፣ ከስሩ መደገፊያ አድርገው፣ የአሮጌውን አሞርዛተር የታች ቡሎን ፈትተው አክስሉ እንዲንጠለጠል ይተዉት። አሁን በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ያለው ርቀት አዲሱ ሲዘረጋ ሊደርስበት የሚገባው ነው። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ዓይንዎን አይንቀሉበት።

አሮጌው ላይ የታተመው ቁጥር ካልጠፋ ሥራው ግማሽ ቀሏል። የሃይሉክስ የኋላ አሞርዛተር ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ48531 ይጀምራል፤ የሚለየው ከዚያ በኋላ ያለው ስለሆነ ሙሉውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በመኪናው የሻንሲ ቁጥር ማፈላለግም ይቻላል። ባሌስትራው ከፍ እንዲል ከተደረገ ግን ቁጥሩ አይረዳዎትም፤ ሜትሩን ይመኑ።

«አንዱን ብቻ»

አይሆንም። አዲሱና ያረጀው በአንድ አክስል ላይ ሲገናኙ መኪናው በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሳባል። ጥንድ ጥንዱን ይግዙ። ገንዘብ ካነሰ የኋላውን ዛሬ፣ የፊቱን ሌላ ጊዜ ማድረግ ይቻላል።

«ዘይት ሞልተን እንበይደዋለን»

ያፈሰሰ አሞርዛተር በስቶ፣ ዘይት ሞልቶ፣ ቀዳዳውን በብየዳ የሚደፍን ባለሙያ አይጠፋም። ለጥቂት ቀን ይሠራል። ያረጀው ማኅተሙ (ዘይቱ በዘንጉ በኩል እንዳይፈስ የሚይዘው ላስቲክ) እና ቫልቩ ግን እንዳረጀ ነው፤ የተሞላው ዘይትም ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ አይደለም። ጋዝ ያለበትን ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም፤ በግፊት የታጨቀ ቱቦ በመሰርሰሪያና በእሳት መንካት ሰው ያጠፋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀመር ካዩ ራቅ ይበሉ።

ካያባ ወይም ሞንሮ የሚል ካርቶን ስላዩም አይርኩ። የታመነ ስም ነው ተብሎ የሚኮረጀውም እሱው ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውና ቱቦው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን፣ ዘንጉ እንደ መስታወት የጠራ መሆኑን፣ ብየዳው ወጥ መሆኑን በእጅዎ ይዘው ይመልከቱ።

«ጥጉን ተጭኜ አየሁት፣ ደህና ነው»

የመኪናውን ጥግ ተጭኖ መልቀቅ ለቤት መኪና ትንሽ ይጠቅማል። የፒክአፕ የኋላ ክፍል ግን የባሌስትራ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉ አሞርዛተሩ ቢሞትም እንኳ ውዝዋዜውን ያቆሙታል። ይልቁን ኮረኮንች መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ አራቱም ያስጠጉ። የሚሠራው ሞቋል፤ የሞተው ቀዝቃዛ ነው። መጀመሪያ በእጅዎ ጀርባ ይሞክሩ፣ ያቃጥላል። ቱቦው ላይ ቀጭን አቧራ የያዘ ወዝ ችግር አይደለም፤ እስከ ታች የወረደ ዘይት ግን ማኅተሙ እንዳለቀ ይናገራል። ጎማውንም በመዳፍዎ ዙሪያውን ይዳብሱት፤ ጉብ ጎድጎድ ካለ ሲዘል እንደነበረ ይወቁ።

ብዙ አምራቾች በ80 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲፈተሽ ይመክራሉ። በእኛ መንገድ ይህን መጠበቅ አይገባም። ከአሰላ በኢተያና በዴራ በኩል ድንችና ስንዴ ጭኖ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው የሚደፋ መኪና ከያዘ ቀድሞ ማየት አለበት።

ከተገዛ በኋላ የሚበላሸው

ሦስተኛውን ጥንድ ያሰረው የመካኒኬ ተለማማጅ ነበር። ከካርቶኑ አውጥቶ ሊያስር ሲል መካኒኬ፣ ጋሼ፣ አስቆመው። ባለ ሁለት ቱቦ አሞርዛተር ተኝቶ ሲከርም አየር ወደ ውስጠኛው ቱቦ ይገባል፤ ቀጥ አድርጎ ይዞ አምስት ስድስት ጊዜ እስከ መጨረሻ መሳብና መጫን ያስፈልጋል። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ሲጫን ባዶ ያለ ይመስል ነበር፤ በአራተኛው እጁ ከበደው። ከዚያ ዳዶውን ለማጥበቅ ዘንጉን በፒንሳ ሊይዝ ሲል ሁለተኛ ተጮኸበት፤ በፒንሳ የተጫረ ዘንግ ማኅተሙን እንደ ቢላዋ ይቀደዋል።

ቡሎኖቹን ገና መኪናው በክሪክ ላይ እያለ ሊያጠብቅ ጀመረ። ጋሼ ምንም አላለም፤ ቁልፉን ከእጁ ወስዶ ክሪኩን አወረደ፣ መኪናዋ በጎማዋ ቆመች። «አሁን አጥብቅ፣ ልጄ» አለው። «ተንጠልጥላ ካጠበቅህባት ጎሚኒው ተጣሞ ይታሰራል፤ ስትቆም ደግሞ ተጠምዝዞ ይውላል፤ በወሩ ይበጣጠሳል።» እኔም በአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ተመልሼ እንዳስጠብቅ አዘዘኝ። ተመልሼ ሄድኩ፤ የቀኙ የታች ዳዶ ሩብ ዙር ወሰደ።